ወደ ውስጥ የተባለ «አዎ»

ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ወር የሥነ ጥበብ ክፍሉ አስተባባሪ «አማርኛ የሚችል ተማሪ አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ እጄን አወጣሁ። ለምን እንደተፈለገ አላወቅሁም። አንድ ሰው እርዳታ ሲፈልግ ቀድሞ እጅ ማውጣት ልማዴ ነው። በኋላ ሲነገረኝ፣ ብዙ ሽልማት ያገኘች አንዲት አየርላንዳዊት የቪዲዮ አርቲስት ለአንድ ሴሚስተር እኛ በምንኖርበት ከተማ በኮሎምበስ ትቆያለች፤ ከከተማው ዳር ባሉት መጋዘኖች የሚሠሩ ሰዎችን ቀርጻ ለኤግዚቢሽን ታቀርባለች፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ስለሆኑ አስተርጓሚና ረዳት ያስፈልጋታል።

የቪዲዮ አርቲስት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለአባቴ ስነግረው «ሠርግ ትቀርጻለች ማለት ነው?» አለኝ። እኔም ለጊዜው እንደዚያ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ በኤግዚቢሽኑ በር ላይ ለሚታደለው ወረቀት የሕይወት ታሪኳን በአንድ ገጽ መጻፍ ነበር። ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ያገኘሁትን ሁሉ ሰበሰብኩ። የተወለደችበትን አገር፣ የተማረችበትን፣ ያገኘችውን ሽልማት ሁሉ በቅደም ተከተል ደረደርኩ። አንድም እንዳይቀር ሁለት ጊዜ አየሁት። ስሰጣት ቆማ አነበበችውና መለሰችልኝ።

«ይሄ የሞተ ሰው ይመስላል» አለች። «ለቀብሬ አስቀምጪው።»

ፊቴ ሲቀያየር አይታ መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ «ፊደሉ ግን ቆንጆ ነው» አለችኝ።

ዕድሜዋ ወደ ሰባ የተጠጋ፣ አጭር ነጭ ፀጉር ያላት፣ ዝናብ ባይኖርም ከዝናብ ካፖርቷ የማትለይ ሴት ናት። በስሟ ብቻ እንድጠራት አዝዛኛለች። እዚህ «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ትእዛዟን ለማክበር ነው እንጂ፣ በልቤ እስከ መጨረሻው ቀን «እርስዎ» ነበረች።

አገሯ የሚነዳው በግራ ነውና በመንገዱ ቀኝ መንዳት ስለምትፈራ የአባቴን መኪና ይዤ የምወስዳት እኔ ነበርኩ፤ ከኮሌጁ መጋዘኖቹ ወዳሉበት ኦቤትስ፣ ከኦቤትስ ሠራተኞቹ ወደሚኖሩበት ዌስተርቪል። ሕይወቷን ያወቅሁት እዚያ መኪና ውስጥ ነው፤ በቅደም ተከተል ሳይሆን እንደ መንገዱ። ቀይ መብራት ላይ ሕፃን ትሆናለች፤ ሀይዌይ ስንገባ ሃምሳ ዓመት ይሞላታል።

ያደገችው በምዕራብ አየርላንድ፣ ዝናብ በማያባራባት ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ሌሎች ልጆች የቴሌቪዥንን ፊት ሲያዩ እሷ ጀርባውን እያየች አደገች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት የአባቷ እህት ናት፤ ብዙ የማትናገር፣ ድንች ስትልጥ ልጣጩን ሳትበጥስ የምትጨርስ ሴት። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለንደን ሄዳ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጠበች። እዚያ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር እንደ ሻንጣ የሚከብድ አሮጌ የቪዲዮ ካሜራ ገዛች። ለዕረፍት አገሯ ስትመለስ መጀመሪያ የቀረጸችው አክስቷን ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሥራዋን የፈለገው ሰው አልነበረም። ሕፃናትን ሥዕል እያስተማረች፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰዎችን በየቤታቸው እየዞረች እየቀረጸች ኖረች። ትልቁ ሽልማት ሲመጣ ፀጉሯ ሸብቶ ነበር።

«በማግስቱ ምን አደረጉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ» አለች። «ሄጄ አስነቀልኩ።»

ከእትዬ ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ። የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ናቸው፤ ኦቤትስ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ሰው ገዝቶ የመለሰውን ልብስ የሚለይበት ክፍል ይሠራሉ። መጀመሪያ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«እኔን ቀርጻ ምን ልትሆን ነው? ኮሎምበስ ውስጥ ቆንጆ ሰው ጠፋ?»

በሁለተኛው ቀን ግን ራሳቸው ኮል አደረጉልኝ።

«ያ የቪዲዮው ነገር፣ ሰው ያየዋል ነው ያልሽው?»

«አዎ እትዬ። ማንም ገብቶ ያየዋል።»

«ልጄስ?»

ታሪኩን እናቴ ነግራኝ ስለነበር ምን ለማለት እንደፈለጉ ገባኝ። ልጃቸው በዕድሜ ትበልጠኛለች። የነርስነት ትምህርቷን በሁለተኛው ዓመት ለማንም ሳትናገር ትታ ኢስተን የሚባል ሰፈር ሆቴል ተቀጠረች። እናቷ ሲደርሱበት ተናደዱና «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ» አሏት። ልጅት ቃሉን ይዛ ዕቃዋን ሸክፋ ወጣች። ይህ የሆነው በፀደይ ነው፤ አሁን በረዶ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷም አልደወለች፣ እሳቸውም አልደወሉ።

«ለምን አይደውሉላትም?» አልኳቸው።

«ደውዬ ምን ልል? እንዳትረግጪ ያልኩት እኔ ነኝ። ስልክ ሳነሣ አፌ ይተሳሰራል። ካሜራው ከጠየቀኝ ግን እመልሳለሁ። እሷም ፊት ለፊት ሳንጋጠም ትሰማዋለች።» አሉ። «እንድትመጣ ታደርጊያታለሽ?»

አደርጋለሁ አልኩ። ለእኔ የኮሌጅ ሥራ የነበረው ነገር ለእሳቸው የልጃቸው መመለሻ ሆነ። ይህንኑ ለአርቲስቷ ነገርኳት። እሷም አሰበችና «እንግዲያው ያን ጥያቄ መጨረሻ ላይ እጠይቃቸዋለሁ» አለች።

መጋዘኑ ካሜራ ስለማይፈቅድ የቀረጽናቸው ዌስተርቪል፣ ቤታቸው ኩሽና ውስጥ ነው። እትዬ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁን። አርቲስቷ የሥራ ልብስ ይልበሱልኝ አለች።

«ልጄ በዚያ ጨርቅ ትየኝ?» አሉ።

ከብዙ ድርድር በኋላ በሐር ሸሚዛቸው ላይ የመጋዘኑን የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ደረቡ። ሁለቱም ወገኖች ያሸነፉ መሰላቸው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች አርቲስቷ፤ እኔ ተረጎምኩ።

«ማሽተት» አሉ እትዬ። «ሰው ልብሱን ይገዛል፣ ሠርግ ይጨፍርበታል፣ ላቡ ሳይደርቅ ልኬ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። እኔ አነሣና አሸታለሁ። ይሄ ጨፍሯል፣ ይሄ አልጨፈረም እላለሁ። አለቃዬ በማሽን ያያል፤ ሲያቅተው ግን ወደ እኔ አፍንጫ ነው የሚያመጣው።»

ስተረጉምላት አርቲስቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከካሜራው ኋላ ዞር አለች። እትዬ ደስ አላቸው። ትከሻቸው ለቀቅ አለ፣ ስለ እግራቸው ሕመም፣ ስለ ጠዋቱ የመኪና መስታወት በረዶ፣ ስለ ሁሉም አወሩ። በመጨረሻ አርቲስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ልጅዎ ነገ መጥታ በሩን ብታንኳኳ ይከፍቱላታል?»

ተረጎምኩ። እትዬ ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ቅንድባቸው ከፍ አለ፤ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፤ አለቀ። እናቴ ስልክ ላይ ሰው እያዳመጠች ደጋግማ የምትላት፣ ሁላችንም ሳናስበው የምንላት፣ ያቺ ከንፈር ሳይላቀቅ ወደ ውስጥ የምትባል «አዎ» ነች።

ልተረጉም አፌን ስከፍት አርቲስቷ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ። ካሜራውን አጠፋች። ስንመለስም እስከ ኮሌጁ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

እኔ ያልወደደችው መሰለኝ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ሰው ማሳዘን ስለሆነ፣ መንገዱን ሙሉ ምን እንደበላሸ ሳወጣና ሳወርድ መጣሁ። የማቀዝቀዣው ጩኸት ይሆን? እኔ በትርጉሙ ተሳስቼ ይሆን? በማግስቱ የቅጂውን ፋይል ስትሰጠኝ «የትርጉም ጽሑፉን አስገቢበት፤ የማቀዝቀዣውንም ድምፅ ትንሽ ቀንሺው» ብቻ ነበር ያለችኝ። እኔ ግን ከታዘዝኩት በላይ ልሠራ ወሰንኩ።

የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያውን ያሳየን ባለሙያ በክፍል ውስጥ ሳል፣ ትንፋሽና የወንበር ጩኸት እንዴት እንደሚወጣ አስተምሮን ነበር። በስክሪኑ ላይ ንግግር እንደ ተራራ ይታያል፤ ትንፋሽ ደግሞ በተራሮቹ መሐል እንዳለ ትንሽ ጉብታ። ማዳመጫው ጆሮዬን ስላሞቀኝ አወለቅሁትና በዓይኔ ብቻ ቀጠልኩ። ጉብታ ባየሁ ቁጥር ደመሰስኩ። የትርጉም ጽሑፉን ያስገባሁት ከማስታወሻዬ ነው፤ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ማስታወሻዬ ላይ ምንም አልነበረም፤ ምክንያቱም አልተረጎምኩትም። ሲያልቅ ስክሪኑ ንጹሕ ነበር። በራሴ ኮራሁ።

እዚያ ላይ አላበቃሁም። አርቲስቷ አንድ ጥብቅ ሕግ አላት፤ የተቀረጸው ሰው ሳያየው ማንም አያየውም። እኔ ግን ልጅት በኤግዚቢሽኑ ቀን ሺፍት እንዳለባት ከእናቴ ሰምቼ ስለነበር፣ ቀድማ አይታው ከሥራ ፈቃድ እንድትጠይቅ ብዬ እሑድ ጠዋት ሊንኩን ላክሁላት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፔን ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። «ፊቴ ምን ሆኖ ነው እንደ ትሪ የሰፋው?» አሉ። የማሽተቱ ላይ ሲደርስ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። የእኔ ድምፅ «ይከፍቱላታል?» ይላል። በስክሪኑ ላይ እትዬ ወደ መስኮቱ ያያሉ። ዝም ይላሉ። ይጨልማል።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የት አለ?»

«ምኑ እትዬ?»

«መልሴ። መልሼ ነበር እኮ።»

ደግሜ አጫወትኩት። ጥያቄው፣ መስኮቱ፣ ዝምታ። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ትንፋሽ ብዬ የጣልኩት ቃላቸውን ነበር።

«ትከፍቻለሽ ስባል ጭጭ ያልኩ ነው የሚመስለው» አሉ እትዬ በዝግታ። «ይሄንን ልጄ ብታይ ምን ትላለች? እናቴ በሰው ፊት እንኳ እንቢ አለችኝ ነው የምትለው። ደግነቱ አላየችውም።»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ጠዋት ልኬላታለሁ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን መነጽር አጥፈው ዘረጉት፤ ዘርግተው አጠፉት።

ከመኪናዬ ሆኜ ልጅት ጋ ደወልኩ፤ አታነሣም። ደገምኩ፤ አታነሣም። ቴክስት ልጽፍ ፈልጌ ምን እንደምል አጣሁ። በቀጥታ አርቲስቷ ወዳረፈችበት ቤት ነዳሁ። በሩን ስትከፍት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ የደመሰስኩትን፣ የላክሁትን፣ ሕጓን ማፍረሴን። ከነገ ጀምሮ ሌላ ተማሪ መፈለግ እንዳለባትም ጨምሬ ነገርኳት።

«ግቢ» አለች። «መጀመሪያ ተቀመጪ። ዋናው ቅጂ ሁለት ቦታ አለኝ። አንዱ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

መሳቢያውን ከፍታ አሳየችኝ። ጥፍር የምታህል የካሜራ ካርድ ነች። ካርዷን ካየሁ በኋላ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ለምን እንዳስቆምኩሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ትርጉም አላስፈለገኝማ። አክስቴ አዎ የምትለው እንደዚያ ነበር። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስባ። በእኛ ሰፈር አሮጊቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ከእኛ ሰፈር ውጭ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።»

ከዚያ በጠየቅኋት ጊዜ ሁሉ እየዘለለች ያለፈችውን የሕይወቷን ክፍል ነገረችኝ። አክስቷን በመጀመሪያ የቀረጸች ጊዜ «ለንደን ስመለስ እናፍቅሻለሁ?» ብላ ጠይቃት ነበር። አክስቷም በዚያች ትንፋሽ መለሰች። ለንደን ውስጥ አንድ ድምፅ የሚያስተካክል ወዳጇ ሊያስደስታት ብሎ ካሴቱን አጸዳላት፤ ትንፋሾቹን ሁሉ አወጣ፤ በዋናውም ካሴት ላይ ሌላ ነገር ቀዳበት። አክስቷ ያን ክረምት አረፈች።

«የሸለሙኝ ሥራ ስለ ዝምታ ነው ብለሽ ጽፈሻል» አለችኝ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩ።

«ሁሉም ተሳስቷል። ሠላሳ ዓመት ሰዎችን በየቤታቸው እየዞርኩ የቀረጽኩት ያቺን ትንፋሽ ፍለጋ ነው። እትዬሽ ኩሽና ውስጥ ስሰማት ካሜራውን ልጥለው ነበር።»

«ታዲያ በመኪና ውስጥ ለምን ዝም አሉኝ? የተቆጡኝ መስሎኝ ነው እኮ ይሄን ሁሉ ያጸዳሁት።»

«እያለቀስኩ ነበር። አንቺ መንገዱን ነበር የምታዪው፤ ጥሩ ሹፌር ነሽ።»

ስለ አክስቷ እንድጽፍ ፈቀደችልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የሽልማቶቹን ገጽ እዚያው ቀደድኩት። ነገሩ ግን ገና አላበቃም፤ ቅጂው ቢመለስም ልጅት ያየችው የተቆረጠውን ነው። ይህን እያልኳት ሳለ ስልኬ ጠራ። የእትዬ ልጅ ናት።

«ብሬክ ላይ ነኝ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «ቪዲዮውን አየሁት።»

«እባክሽ አንዴ ስሚኝ፣ እሱ ቪዲዮ—»

«አንቺ ስሚኝ። ማነው ድምፁን ያበላሸው?»

«እኔ።»

«መጨረሻው ላይ ምን አደረግሽው? ማሚ አዎ ብላለች እኮ። ቅንድቧ ከፍ አለ፣ ሰደርያው ደረቷ ላይ ተነሣ። ሃያ አራት ዓመት ያየሁት ፊት ነው። ድምፁ የት ሄደ?»

ስልኩን ይዤ ለአርቲስቷ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት፤ እሷም ምን እንደተባለ ሳልነግራት ገባት።

«ሄሎ?» አለች ልጅት። «አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንደዚያ ሆኖ ሰው ፊት እንዳታሳዪው። ሰው አይገባውም፤ ጨካኝ ትመስላለች። አስተካክዪው። እኔ ሺፍቴን ከአንዷ ጋር ስዊች አደርጋለሁ።»

እትዬ ጋ ስደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት። ልጃቸው ያለችውን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ቅንድቡን፣ ሰደርያውን፣ ሁሉንም።

«ሰደርያውን ማድረጌ በጀኝ በያ» አሉ። ድምፃቸው ግን ቀልድ አልነበረውም።

በኤግዚቢሽኑ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የኮሌጁ ትንሽ አዳራሽ ከጠበቅሁት በላይ ሞላ። የመጋዘኑ ሰዎች መጡ፤ አባቴም መጣ፣ ሠርግ እንዳልሆነ አይቶ ጥግ ላይ ቆመ። እትዬ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ሰው መጥቶ «ሰው አለው?» ሲላቸው «አለው» እያሉ መለሱ። ልጅት የመጣችው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ የሆቴሉን ደንብ ልብስ እንደለበሰች። እናቷ ቦርሳውን አነሡ። አልተሳሳሙም፤ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠች።

እኔ ኋላ፣ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ነበርኩ። ጥያቄው መጣ። ስክሪኑ ላይ እትዬ ወደ መስኮቱ አዩ፤ ከዚያ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያቺ ትንፋሽ ገባች። አርቲስቷ ለዚያች መልስ ምንም የትርጉም ጽሑፍ እንዳላስገባ ነግራኝ ስለነበር የስክሪኑ ታች ባዶ ነው። የመጋዘኑ ሰዎች ሳቅ አሉ፤ የክፉ ሳቅ አይደለም፤ የሚያውቁትን ነገር ያልጠበቁት ቦታ ሲያገኙ የሚስቁት ዓይነት ነው። ልጅት ወደ እናቷ ጎንበስ ስትል አየሁ።

መብራት ሲበራ እኔ ወንበር ማጠፍ ስለነበረብኝ በአጠገባቸው አለፍኩ።

«ከስተሻል» ይላሉ እትዬ። «ሆቴል ውስጥ እየሠሩ መራብ የት ተሰምቶ ያውቃል?»

«አይም ፋይን፣ ማሚ። እበላለሁ።»

«ምን ትበያለሽ?»

«ምግብ።»

«ነርስነቱን ግን—»

«ማሚ።»

«እሺ። እሺ አልኩ።» ኮታቸውን ለበሱ። «ነይ በእኔ መኪና እንሂድ።»

«የኔ መኪናስ? እዚህ ፓርክ አድርጌዋለሁ እኮ።»

«ነገ ትወስጂዋለሽ።»

ልጅት ቁልፏን በእጇ አዟዟረችና ወደ እኔ ዞረች። «መኪና እዚህ ቢያድር ይጎትቱታል እንዴ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ሁለቱም ሲጠብቁኝ ወንበሩን አስቀምጬ የጥበቃውን ሰው ልጠይቅ ሮጬ ወጣሁ። ቅዳሜና እሑድ ማንም እንደማይነካው ነገረኝ። እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ከዚያ ተመልሼ ነገርኳቸው።